ለዘርፈሽዋል ቤት የሚበቃ ድምፅ

ቡታጅራ ውስጥ፣ ከገበያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በርበሬና እህል የሚፈጭበት አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቷ ዘርፈሽዋል ትባላለች። ሥራውን የተረከበችው ከአባቷ ነው። ጠዋት ሞተሩን አስነስታ ማታ እስክታጠፋው ድረስ ጆሮዋ ከዚያ ጉምጉምታ አይለይም። ደንበኞቿ ሲያናግሯት ይጮሃሉ፤ እሷም ስትመልስ ትጮሃለች። ቤቷ ከገባች በኋላ እንኳ ባሏ ሰይፉ ሣህኑን ወደ ራሱ እየሳበ፣ «ዘርፌ፣ እኔ እኮ እዚሁ አጠገብሽ ነኝ፤ ቆሼ ከተማ አይደለሁም» ይላታል። ትስቅና ድምፅዋን ትቀንሳለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ መልሳ ትጮሃለች።

አምና ለመስቀል፣ እንደ ሁልጊዜው አገሬው ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደየቤቱ ሲጎርፍ፣ ወንድሟ ቴዎድሮስም መጣ። መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል። በየዓመቱ ለእህቱ የሚያመጣው ቀሚስና ሻርፕ ነበር፤ ያን ዓመት ግን ከትከሻው ላይ ረጅም ጥቁር ቦርሳ አውርዶ አልጋዋ ላይ አጋደመው።

«ያልሽኝን አገኘሁልሽ» አላት። «ሻጩ ግን ሌባ ነው። ጊታር ስድስት ክር አይደል ያለው? ይሄኛው አራት ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ ጎድለዋል ብዬ ተከራክሬ ተከራክሬ አስቀነስኩት!»

ዘርፈሽዋል የቦርሳውን ዚፕ ከፍታ አየች። ቀጥሎ ሳቋ መጣ፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ቴዲዬ፣ ቤዝ ጊታር እኮ ድሮም ክሩ አራት ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ለምን ዝም አለኝ?»

«አንተ ስትከራከር ማን ይችልሃል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቴዎድሮስ መጀመሪያ አፈር አለ፤ ኋላ ግን በርካሽ መግዛቱ ትዝ ሲለው እሱም አብሮ ሳቀ።

ዘርፈሽዋል በልጅነቷ ወልቂጤ ውስጥ የኪነት ቡድን ተወዛዋዥ ነበረች። እግሯ ፈጣን፣ ትከሻዋ የማይደክም። አንድ ክረምት ግን ጉልበቷን ታመመችና ሐኪም አትወዛወዢ አላት። ጓደኞቿ መድረክ ላይ ሲሆኑ እሷ ከጀርባ ተቀምጣ ትብሰለሰል ነበር። ኪቦርድ የሚጫወተው ግሩም ይህን አይቶ፣ ተጫዋቹ ትቶት የሄደውን የባህል ቢሮውን ቤዝ ጊታር ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «ዝም ብለሽ ከምትናደጂ ይቺን ያዢ፤ እግርሽ የሚያውቀውን ለጣትሽ ንገሪው» አላት።

ጣቶቿ ቆስለው፣ ድነው፣ ደግሞ ቆስለው ተማረች። ቤዝን የወደደችበት ምክንያት ለሰው ለማስረዳት ይከብዳታል። ከተመልካቹ መካከል እሷን የሚያይ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያየው ዘፋኙንና ተወዛዋዦቹን ነው። ነገር ግን እሷ አንድ ምት ብትስት የሁሉም እግር ይደናገራል። ይህ ምስጢር ደስ ይላት ነበር። ኋላ የቡድኑ መኪና ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ ሊሠራ የመጣ ዝምተኛ ጎሚስታ አገኘች፤ ሰይፉ ነው። አግብታው ወደ ቡታጅራ ተመለሰች። አባቷ ሲደክሙ ወፍጮው እጇ ላይ ወደቀ፤ ልጆች መጡ፣ አደጉ፣ ለትምህርት ወጡ። ቤዝ ጊታሩ የመንግሥት ንብረት ስለነበር እዚያው ወልቂጤ ቀረ።

እንግዲህ አሁን የራሷ አላት። ችግሩ ቤዝ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ድምፅ የለውም። መስቀል አልፎ እንግዳው ሁሉ ሲበተን፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መታችው፤ የሚሰማው የጥፍር ጭረት የሚመስል ነገር ብቻ ሆነ። ጥቂት አሰበችና የጊታሩን ጫፍ ከቁም ሳጥኑ በር ጋር አስጠግታ፣ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ ደግማ መታችው። ቁም ሳጥኑ ዘፈነ! ወፍራሙ ክር ሲርገበገብ ጉንጯ ድረስ ተሰማት።

ጎረቤቷ ነዒማ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ ያገኘቻት በዚህ ሁኔታ ነበር። ነዒማ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ የሁለቱ ሴቶች ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያየው።

«ዘርፌ! ምን ሆነሽ ነው ቁም ሳጥን ያቀፍሽው?»

«ነይ፣ አንቺም ጆሮሽን አስጠጊ።»

ነዒማ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ለጠፈች። ዓይኗ ፈጠጠ። «ወላሂ ልብስሽ ነው የሚያወራው» አለች።

ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት መድኃኒት መደብር ያላቸው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ነገሩን ሲሰሙ እጅግ ደስ አላቸው። እሳቸው ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰማ ቦክስ ጊታር አላቸው፤ ለዓመታት ብቻቸውን ሲጫወቱ ኖረዋል። «እሁድ እሁድ ከሰዓት እመጣለሁ፤ አንቺ ብቻ ያንን ቤዝ አፍ አስወጪለት» አሏት።

አፍ ለማስወጣት መጀመሪያ የሞከረችው ቅርቧ በነበረው ነገር ነው። ሰይፉ ኳስ የሚያይበት ቴሌቪዥን ከጎኑ ትልቅ ስፒከር አለው። ጎል ሲገባ ቤቱ ካልተነቃነቀ ኳስ ያየ አይመስለውም። አንድ ቀን እሱ ሥራ ላይ እያለ ገመድ ፈልጋ ሰካችው። ቀጭኑ ክር ጥሩ ነበር። ሁለተኛውም። ወፍራሙን ስትመታው ግን ስፒከሩ «ጭርር» አለና ውስጡ ያለው ወረቀት ተቀደደ።

ማታ ጨዋታ ነበረ። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ በአፍንጫው የሚናገር መሰለ። ሰይፉ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ባሰበት። ዝቅ አደረገ፤ ያው ነው። ወደ ሚስቱ ዞሮ አያት። እሷ ወጥ እየጨለፈች ቀና አላለችም።

«ቤዙ ነው?» አለ።

«ቤዙ ነው» አለች በቀስታ። ያን ቀን አልጮኸችም።

ሰይፉ ክፉ አልተናገረም። በማግስቱ ስፒከሩን ጋራዥ ወስዶ የጎማ መለጠፊያ ለጠፈበት። ሲመልሰው ድምፁ ከነጭራሹ ታፈነ። እንደገና ነቅሎ ሲያየው ቆየና፣ «እንግዲህ የሱ ያልሆነ ነገር አናሸክመው፤ ለቤዙም የራሱን እንግዛለት» አለ። ዘርፈሽዋል ከፉርሽካ ሽያጭ ያስቀመጠቻት ነገር ነበረቻት። ብዙ አይደለችም፤ ግን አለች።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስን ይዛ ቡታጅራ ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። ሻጩ ፀጉሩ የተጠቀለለ ልጅ ነው። በአንድ እጅ የሚነሳ ጥቁር ሣጥን አወጣላቸው።

«ይሄ ፏ ያለ ነው እህቴ። ለቤት አሪፍ ነው። ዋጋውም አይጎዳም።»

«ለጊታር ነው ወይስ ለቤዝ?» አሉት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ።

«ለሁሉም ይሆናል ፋዘር፤ ችግር የለውም።»

ዘርፈሽዋል ሰካችና ቀጭኑን ክር መታች፤ ግልጽና ጥርት ያለ ነበር። ወደ ወፍራሙ ስትወርድ ግን ሣጥኑ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነፈነፈ። ልጁ ቁልፉን ዝቅ አደረገላት፤ ያኔ ደግሞ ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ የገባች መሰለ።

«ወፍራሙን ባትነኪውስ?» አለ ልጁ ከልቡ ሊረዳት ፈልጎ። «በቀጫጭኖቹ መጫወት ይቻላል እኮ።»

«ወፍራሙን ካልነካሁማ፣ ወንድሜ ክር ጎደለ ብሎ የተከራከረው እውነት ሆነ ማለት ነው!» ብላ ሳቀች። ልጁ ነገሩ ባይገባውም አብሯት ሳቀ። የትንሽ ስፒከር ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷን አሻከረው። ትንሽ ነገር አይሆነኝም አለች።

ወዲያው ወልቂጤ ለግሩም ደወለች። ግሩም አሁን ሸብቷል፤ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ድምፅዋን ሲሰማ ጮኸ፤ እሷም ጮኸች፤ ስልክ ባይኖርም የሚደማመጡ ይመስሉ ነበር። የማታ ሙዚቃ ያቋረጠ አንድ ሆቴል የመድረክ ዕቃውን እንዲሸጥለት ለእሱ አደራ ሰጥቶታል፤ ከዕቃው መካከል አንድ ትልቅ የቤዝ አምፕሊፋየር አለ። «ትልቅ ስለሆነ ፈላጊ አጥቶ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ዕቃ በዚህ ዋጋ አይገኝም» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስቱ በሚኒባስ በአገና በኩል አድርገው ወደ ወልቂጤ ሄዱ። ሰይፉ ከመሳፈሩ በፊት አራቱንም ጎማ ዞሮ አየ፤ ይህ ልማዱ ነው። ደጋው ላይ ጉም ወርዶ የእንሰቱ ቅጠል ብቻ በመስኮቱ ይታይ ነበር። ዘርፈሽዋል ቤዙን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ በጣቶቿ ጭኗ ላይ የድሮ ዘፈኖችን ትመታ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። አምፕሊፋየሩ እስከ ወገቧ ይደርሳል። ግሩም አቧራውን በኮቱ እጅጌ ጠርጎ አበራው፤ ቀይ መብራቷ በራች። ዘርፈሽዋል ሰካች፤ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቷ ዝም ብላ ለቀቀችው።

ወለሉ ተናገረ። ድምፁ በእግሯ ገብቶ በጉልበቷ አልፎ ሆዷ ውስጥ ተቀመጠ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ግሩም ወደ ኪቦርዱ ሄደና ድሮ መድረክ የሚከፍቱበትን ፈጣን የጉራጌ ምት ጀመረ። እጇ መጀመሪያ ተደናገረ፤ ሁለት ቦታ ሳተች። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ጣቶቿ መንገዱን ያዙ። ትከሻዋም ሳታስበው መጣ።

ሰይፉ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እሱ ይህቺን ሴት ያገኛት መንገድ ዳር፣ ጎማ በተነፈሰበት መኪና አጠገብ ነው፤ መድረክ ላይ አይቷት አያውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር የሚያያት። ሲጨርሱ ወደ ግሩም ሄደና፣ «እንወስደዋለን» አለ።

«እሷ ትበል እንጂ» አለ ግሩም እየሳቀ። «ብቻ ዘርፌ፣ ቤትሽን አላየሁትም። ወስደሽ ሞክሪው። ካልሆነሽ ትመልሺዋለሽ፤ እዚህም አቧራ ነው የሚበላው።»

አምፕሊፋየሩ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሸራ ለብሶ፣ በሁለት ገመድ ታስሮ፣ ቡታጅራ ገባ።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ሠርግ ነበር። ጭቃ ግድግዳው ይነዝራል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ከኮርኒሱ አቧራ ይወርዳል፤ ዘርፈሽዋል ግን ዓይኗን ጨፍና ትጫወታለች። በማግስቱ እሁድ ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። ከሰዓት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ቦክስ ጊታራቸውን ይዘው መጡ። አብረው ጀመሩ። እሳቸው እጃቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው የለም። አፋቸውም ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቆይቶ ነው እየጠሯት መሆኑን ያወቀችው።

«ዘርፈሽዋል! እኔ አለሁ ወይ?» አሏት።

ማክሰኞ ነዒማ መጣች። እንደ ወትሮው ቀጥ ብላ አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆመች። ዘርፈሽዋል ፊቷን አይታ ወዲያው አጠፋችው።

«ልቆጣሽ አልመጣሁም» አለች ነዒማ። «ደስታሽን እያየሁ እንዴት እቆጣለሁ? ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ጋ ዘፈን ነው። እኔ ጋ ዘፈን የለም። ድም፣ ድም፣ ድም ብቻ ነው፤ በርበሬ የሚወቅጥ ሰው ግድግዳው ውስጥ የገባ ይመስላል። ብርጭቆዎቼ በመደርደሪያው ላይ ይሄዳሉ። ትናንት አንዱን አፋፍ ላይ ደርሶ ያዝኩት።»

ዘርፈሽዋል እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ነዒማዬ፣ ይህን ያህል ነው እንዴ?»

«አንቺማ በምን ታውቂዋለሽ! ጆሮሽን ወፍጮ በልቶታል።»

በክፋት አላለችውም፤ እውነት ነበርና ሁለቱም ሳቁ። ነዒማ ከሄደች በኋላ ግን ዘርፈሽዋል ብዙ ተቀመጠች። ለእሷ ልክ የሆነው ድምፅ ለሌላው ሰው ጩኸት መሆኑን እስከዚያ ቀን አላሰበችውም። ቁልፉን ወደ ታች አዞረችው። ያ ትልቅ ሣጥን ዝቅ ሲል ጭራሽ ሌላ ሆነ፤ ክሩ ሩቅ ሆነ፣ ከክሩ ይልቅ የራሱ ጉምታ በለጠ። ሰይፉ ሰምቶ፣ «ይሄ ሰውዬ ማንሾካሾክ አልተማረም» አለ።

ወፍጮ ቤት ወስደን እንጫወት ብላም ሞከረች። እሁድ ሞተሩ አይሠራም፤ ጎረቤትም የለም። ሰይፉ በጋሪ አስጭኖ ወሰደላት። ዘፈኑ ገና ሲጀመር አምፕሊፋየሩ ከየግድግዳው ሥር የተኛውን የበርበሬ ብናኝ ሁሉ ቀሰቀሰው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በየምቱ መሐል ያነጥሳሉ፤ ሰይፉ ዓይኑን እያሸ ውጪ ወጣ። ዘርፈሽዋል ብቻ ለምዳዋለችና ምንም አልሆነችም። የቀሩት ግን እየተሳሳቁ፣ እንባቸውን እያፈሰሱ ዕቃውን መልሰው ጫኑት።

እያዘነች ለግሩም ደወለች። «ግሩሜ፣ እወደዋለሁ፤ ግን ለእኔ ቤት አይሆንም።»

ግሩምን አልገረመውም። «አዳራሽ ውስጥ ያየሽው ነገር አዳራሹን ጭምር ነው» አላት። «ለቤት ሲሆን ብዙ ዋት አትፈልጊ። ስፒከሩ ከአሥር ኢንች ያላነሰ፣ ሣጥኑ የተዘጋ፣ ለቤዝ ብሎ የተሠራ ይሁን። ዝቅ ሲል ክሩን የማይጥል። ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ይኑረው፤ ያንን ኋላ ታመሰግኚኛለሽ።» ወዲያውም፣ «ቆይ እስቲ፣ አታት አካባቢ አንዲት ነርስ አለች፤ ሚስጥር ትባላለች። በመዘምራን ውስጥ ቤዝ ትጫወታለች። ትንሽ ሆነብኝ እያለች ትልቅ ታፈላልግ ነበር» አላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ትልቅ ሣጥን እንደገና ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሰይፉን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ይሄን ነገር አየር ልታስቀይረው ነው እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ።

ሚስጥር ፈገግታዋ የማይጠፋ ወጣት ናት፤ ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ ሳትተኛ ነው የጠበቀቻቸው። የምትኖረው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የእሷ አምፕሊፋየር ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ አናቱ ላይ አበባ ተቀምጦበት፣ ጠረጴዛ መስሎ ነበር። አበባውን አንስታ ጨርቁን ገፈፈችው። ጠርዞቹ ተልጠዋል፤ አንደኛው ቁልፍ ወልቆ በጠርሙስ ክዳን ተተክቷል።

«መዘምራኑ ሲበዙ የኔ ድምፅ ጠፋ» አለች። «መሪያችን፣ ‹ሚስጥር፣ አለሽ ወይ?› ይለኛል መሐል ላይ።»

«እኔ ደግሞ ጋሽ ሀብቴን ያጠፋሁት በትልቁ ነው!» አለች ዘርፈሽዋል። ተያዩና ሳቁ።

ዘርፈሽዋል ሰካች። በቀጥታ ወደ ወፍራሙ ክር ሄደች፤ ሱቁ ውስጥ ያየችውን አልረሳችም። ድምፁ ክብ ሆኖ ወጣ። አልነፈነፈም። አዳራሹ ውስጥ እንዳገኘችው ሆድ የሚሞላም አልነበረም፤ ይህን ለራሷ አልዋሸችም። ዝቅ አደረገችው፤ ክሩ አብሯት ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። ይበልጥ ዝቅ አደረገችው። በሹክሹክታም ዘፈኑ ዘፈን ነበር። ጣቷ ክሩን ሲለቅ የሚሰማው ትንሽ እስትንፋስ ሳይቀር ይሰማል። በወጣትነቷ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል፣ ይህን ሰምታው አታውቅም ነበር። ደጋግማ መታችው።

«ምን ሆንሽ?» አላት ሰይፉ።

«ጣቴን ሰማሁት» አለችው።

ሚስጥር በበኩሏ ትልቁን ሣጥን ግቢ ውስጥ ሰክታ ሞከረች። ዶሮዎች ተበተኑ፤ እሷ እንደ ሕፃን ዘለለች። የቀረው ቀላል ሆነ። ከግሩም ጋር በስልክ ተነጋገሩ፤ መዘምራኑ ትልቁን ከሆቴሉ ሊገዙ፣ ዘርፈሽዋል ትንሹን ከሚስጥር ልትወስድ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አለቀ። የያዘችው ገንዘብ በቅቷት፣ የቴሌቪዥኑን ስፒከር የምታሠራበትም ተረፋት። ሰይፉ ትንሹን ሣጥን በአንድ እጁ አንስቶ፣ «በጣሪያ አይሄድም፤ ይሄ ሰው ነው» ብሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦት መጣ።

ቤት ሲደርሱ ዘርፈሽዋል መጫወት አልጀመረችም። በቅድሚያ ነዒማን ጠራቻት።

«ቤትሽ ግቢና ተቀመጪ። እኔ ቀስ እያልኩ ከፍ አደርገዋለሁ። ሲበዛብሽ ግድግዳውን ምቺልኝ።»

ነዒማ ገባች። ዘርፈሽዋል መጫወት ጀመረች፤ ሰይፉ ቁልፉን ይይዛል።

«ይሰማል?» ጮኸች ዘርፈሽዋል።

«ያንቺ ጩኸት ነው የሚሰማው!» አለች ነዒማ ከማዶ።

ትንሽ ከፍ። ዝም። ትንሽ ከፍ። ግድግዳው ተመታ። ሰይፉ አጎንብሶ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰና፣ «በምድር በኩል ነው የሚሄደው» አለ። ወጥቶ ከጋራዡ አሮጌ የመኪና ጎማ እያንከባለለ አመጣ፤ አጥቦ፣ ወለሉ ላይ አጋድሞ፣ አምፕሊፋየሩን ከላዩ ላይ አስቀመጠው። ከግድግዳውም ራቅ አደረገው። እንደገና ጀመሩ። ቁልፉ ቅድም ግድግዳው የተመታበትን አለፈ፤ ዝም። ትንሽ ጨመረ፤ ዝም። ሰይፉ ግራ ገብቶት፣ «ነዒማ! አለሽ?» ብሎ ተጣራ።

መልስ የለም። ወጥተው ሲያዩ ነዒማ ከቤቷ ወጥታ በረንዳው ላይ፣ በነሱ መስኮት ሥር ተቀምጣለች።

«ውስጥ አይረብሽም፤ አልሃምዱሊላህ» አለች። «ዘፈን መሆኑን የሰማሁት ግን እዚህ ስመጣ ነው። ቀጥይ እንጂ፣ ለምን አቆምሽ?»

ከዚያ ቤቷ ገብታ ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣችና በጠርሙስ ክዳኑ ቁልፍ ትይዩ አንድ ነጥብ ቀባች። «ከዚህ አትለፊ» አለቻት። ዘርፈሽዋል አላለፈችም። በረመዳን ጊዜ ነዒማ ለሱሑር ምግብ ሌሊት ተነስታ ቀን ላይ ጋደም ስትል፣ ዘርፈሽዋል የጆሮ ማዳመጫውን ትሰካና ብቻዋን ትለማመዳለች፤ ለሁዳዴ ደግሞ ጊታሩ ቦርሳው ውስጥ ይገባል። ይህን ማንም አልደነገገውም፤ እንዲሁ ሆነ።

እሁድ ከሰዓት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ቦክስ ጊታራቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚለብሱት ሁልጊዜ ያንኑ ግራጫ ሹራብ ነው። ቁጭ ብለው ክር ሲያስተካክሉ ብዙ ይቆያሉ፤ ዘርፈሽዋል ደግሞ ትዕግሥት የላትም። በፍጥነት ነገር አይስማሙም። እሳቸው ትዝታን አዝግመው፣ በየመሐሉ እያሰቡ መሄድ ይወዳሉ፤ እሷ የጉራጌውን ምት ይዛ መሮጥ ትፈልጋለች። ስለዚህ አንዱን የእሳቸውን፣ አንዱን የእሷን እያሉ ይሄዳሉ። ሁለቱም ይሰማሉ። እሳቸው ሲያንጎራጉሩ ቤዙ ከሥር ይሄዳል፤ ሲቆሙ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ነዒማ ትኩስ ቆሎ ይዛ ትመጣለች። ሰይፉ እጁን ታጥቦ ገብቶ ወንበር ላይ ይቀመጥና ጉልበቱን ይመታል፤ አንዳንዴ ምቱን ይስታል።

«ሰይፍዬ፣ ሳትክ» ትለዋለች።

«አንቺ ነሽ የሮጥሽው» ይላታል።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በሁለቱ መሐል ፍርድ መስጠት አይወዱም። መነፅራቸውን ከፍ ያደርጉና፣ «እስቲ ከመጀመሪያው» ይላሉ። እንደገና ይጀምራሉ።